«እኛማ ቅላጼ የለንም»

ደብረ ታቦር ላይ አንድ ሰው ይዛችሁ «የእናንተ አማርኛ ቅላጼው ምን ዓይነት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግራ ይገባዋል። «የእኛማ ምን ቅላጼ አለው፤ ደህናው አማርኛ ነው እንጂ» ይላችኋል። አጥብቃችሁ ብትይዙት ጣቱን ወደ ጎረቤት ይቀስራል። ቅላጼ ያለው ጎጃሜው ነው፤ ሲናገር ይጎትታል። ወሎዬው ያባብላል፤ ሲቆጣ እንኳ የሚያቆላምጥ ይመስላል። ሸዌው ደግሞ ቃሉን ግማሹን ይውጠዋል። ዓባይን ተሻግራችሁ ሞጣ ላይ ያንኑ ጥያቄ ብታነሡ ያንኑ መልስ ትሰማላችሁ፤ የሚለወጠው ጣቱ የሚያመለክትበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ደሴም ደብረ ብርሃንም እንዲሁ። አዲስ አበባ ላይ ግን ጥያቄው ራሱ አይገባቸውም። እዚያ ቅላጼ ማለት ከክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ከሻንጣው ጋር ይዞት የሚወርድ ዕቃ ነው።

ይህ የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዴኒስ ፕሬስተን የሚባል አሜሪካዊ የቋንቋ ተመራማሪ የአገሩን ሰዎች ባዶ ካርታ እየሰጠ «የተለየ አነጋገር ያለው የት ነው? ትክክለኛው እንግሊዝኛ የሚነገረው የት ነው?» እያለ ሲጠይቅ ኖሯል። የሚሺጋን ሰዎች ከሁሉ ትክክለኛ የምንናገረው እኛ ነን አሉ፤ ቅላጼ እንዳላቸው የሚጠረጥር እንኳ አልነበረም። የደቡቡ፣ የአላባማው ሰው መልስ ግን ሌላ ነበር። የእኛ አነጋገር ትክክለኛው ላይሆን ይችላል፣ ለጆሮ ደስ የሚለው ግን የእኛ ነው አለ። ልብ በሉ፤ አላባማዎች ሲስቅባቸው የኖረ ሰው ሞልቷል። «ትክክል» የሚባለውን ማዕርግ ለሌላው ለቀው «ጣዕም» የሚባለውን ለራሳቸው አስቀሩ። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ወሎ ትዝ ይለኛል።

ሰው የራሱን ቅላጼ የማይሰማው ለምን ይሆን? ቀድሞት ስለሚወለድ ነው ማለት ይቻላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ካትሊን ቬርምከ የምትባል ጀርመናዊት ተመራማሪ ከባልደረቦችዋ ጋር የአራስ ሕፃናትን ልቅሶ ቀድታ ብታወዳድር፣ የፈረንሳይ አራሶች ልቅሶ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ፣ የጀርመኖቹ ደግሞ ከላይ ጀምሮ ሲወርድ አገኘች። የእናታቸውን ንግግር ዜማ ከማሕፀን ይዘውት ወጥተዋል ማለት ነው። የፋርጣ ገበሬ ልጅም «እማ» ከማለቱ በፊት ፋርጣኛ ያለቅሳል ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ለመሆኑ ጆሮ የሚይዘው ምኑን ነው? ወረታ መናኸሪያ ቆም በሉና አዳምጡ። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደሩ መንገድ ከደብረ ታቦሩ ጋር የሚገናኝባት የፎገራ ከተማ ናት፤ ሩዝና ሽንኩርት የማይጫንበት ቀን የለም። አንዲት ነጋዴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቤት ላሉት ትናገራለች፤ «ሽንኩርቱን ሽጨ፣ ዘይት ገዝቸ፣ መኪና ይዠ እመጣለሁ።» አዲስ አበቤዋ ብትሆን «ሽጬ፣ ገዝቼ፣ ይዤ» ትል ነበር። የተለወጠችው አንዲት አናባቢ ናት። ይህችን አናባቢ የሰማ አዲስ አበቤ ግን ሴትዮዋ ሽንኩርት ነጋዴ መሆኗን ሳያውቅ ከወዴት እንደመጣች ያውቃል፤ ወይም ያወቀ ይመስለዋል።

ይህቺ «ቸ» በፊደልም ትታያለች። ባሕር ዳር የሚታተም ጽሑፍ ስታነብቡ «አይቸ፣ ሰምቸ፣ ብየ፣ ልጆቸ» የሚል ብታገኙ የጸሐፊው ወይም የአራሚው አፍ ነው። የአዲስ አበባ አራሚ በቀይ ያሰምርበታል። ስሕተት ነው እንዳይባል ግን ሥርዓቱን ማየት ይበቃል። «በላሁ» የሚለው ግስ «በልቼ» ሲሆን ሁለት ነገር ይደርስበታል። በመጨረሻ የምትመጣዋ «ኤ» የአንደኛ መደብ ምልክት ናት፤ «እኔ ነኝ» ትላለች። ይህች «ኤ» ከፊቷ ያለውን ተነባቢ ወደ ላንቃ ትስበውና «ተ»ን «ቸ»፣ «ደ»ን «ጀ»፣ «ዘ»ን «ዠ»፣ «ሰ»ን «ሸ»፣ «ነ»ን «ኘ»፣ «ለ»ን «የ» ታደርገዋለች። ተነባቢው አንዴ ከተለወጠ መልእክቱ ደርሷል። ሰሜኑ ሰው ታዲያ ሥራዋን የጨረሰችውን «ኤ» ያሳርፋታል፤ «በልቸ፣ ወስጀ፣ ይዠ፣ ጨርሸ፣ ለምኘ፣ ብየ» ይላል። አዲስ አበባ ሁለቱንም ምልክት ይዞ ይቀጥላል። ተነባቢው የማይለወጥ ሲሆንስ? ያን ጊዜ ሰሜኑም «ኤ»ዋን አይነካትም። «ከርሜ፣ ሰብሬ፣ አርፌ፣ ጠብቄ» እንደ አዲስ አበባው ነው፤ «ከርመ፣ ሰብረ» የሚል ጎንደሬ አትሰሙም። ያለሷ «እኔ» የሚል ምልክት አይቀርማ! ይህን ሕግ ማንም አላስተማራቸውም፤ የአምስት ዓመት ልጅ ሳይሳሳት ይሠራበታል። ቅላጼ ሲባል እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው። የቋንቋ ጉድለት ብሎ መጥራት የሚቻለው ሥርዓቱን ላላየ ሰው ብቻ ነው።

ሌሎቹን ምልክቶች በፍጥነት ልለፍባቸው። «አይደለም» ገጠር ሲወርድ «አይዶለም» ይሆናል። «ከዚህ» የሚለው ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ገጠር ሲጠጋ «ተዚህ» ይባላል። አዲስ አበባ «ልጅቷ» ሲል ሰሜኑ «ልጂቱ» ማለት ይቀናዋል። «ጸ»ን ሸዋ ወደ «ጠ» ወስዶ «ጠጉር፣ ጦም፣ ጠሎት» ይላል። መንዝ ውስጥ «ቀ» ጉሮሮ ላይ ተይዛ ስትቀር ይሰማል። አዲስ አበባም ቅላጼ የለውም ያለው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ «አድርግ»ን «አርግ»፣ «መጣችሁ»ን «መጣቹ»፣ «እርስዎ»ን «እርሶ» የሚለው ያው አዲስ አበቤው አይደለም እንዴ? ደብረ ታቦሬው ሸዌ ቃል ይውጣል ያለው ከሜዳ ተነሥቶ አይደለም።

በአክብሮት አጠራር ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፤ ሰው የሚቀያየመው እዚህ ላይ ነውና። በደቡብ ጎንደር ገጠር ለሽማግሌ፣ ለቄስ፣ ለክርስትና አባት «አንቱ» ማለት ሕያው ነው። «አንቱ፣ እንዴት አደሩ? ከብቱ ልጁ ደህና?» የሚለው ሰላምታ ሳይቸኮል ይፈስሳል። ይህን ለምዶ አዲስ አበባ የገባ ወጣት ለአሠሪው «አንቱ» ሲል እንደ ጥንት መጽሐፍ ይሰማበታል፤ ይሣቅበታል። በተቃራኒው አዲስ አበቤው ደብረ ታቦር ወርዶ በዕድሜ የሚበልጡትን ሰው «አንተ» ሲል ቅላጼው ማንንም አያስቀይምም፤ ድፍረቱ ግን አይረሳም። በእኔ ግምት ብዙ ሰው «አነጋገሩ ደስ አይልም» የሚለው ስለ አናባቢና ስለ ተነባቢ አይደለም። እንዲህ ያለውን ነው።

የቅላጼ ወሰን የአስተዳደር ወሰን ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በጋይንቷ ነፋስ መውጫና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚወርደው መንገድ በቻይናዎች የተሠራ ስለሆነ ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ጆሮ ያለው ተሳፋሪ ጎንደር የሚያበቃበትን ወሎም የሚጀምርበትን ቦታ አያገኝም። ከጣና ዳር ተነሥቶ የጉናን ተራራ ጥግ ይዞ ሲወጣ ንግግሩ ትንሽ በትንሽ ይለወጣል፤ ነፋስ መውጫ ላይ አንድ ሁለት የወሎ ቃል ይሰማል፣ ጋሸና ሲደርስ «አብሽር» የሚለውና «አማን ነው?» የሚለው ይበዛል። በደቡብ በኩልም እስቴንና ሞጣን የሚለየው ዓባይ ነው። ሰባራ ድልድይ የሚባለው የፋሲል ዘመን ድልድይ በጣልያን ጊዜ ተቆርጦ ሰው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖሯል። በገመድም ቢሆን ተሻግሯል! ገበያ ሄዷል፣ ልጁን ድሯል፣ ለቅሶ ደርሷል። የሁለቱ ዳር ሰዎች አነጋገር እስቴን ከጎንደር ከተማ ይልቅ ከሞጣ ጋር ያቀራርበዋል ብትሉ የአገሩ ሰው አይከራከራችሁም። ሆኖም አንዱ «ጎንደሬ» ሌላው «ጎጃሜ» ነው፤ አንዱ ስለ ሌላው ቅላጼ ያወራል።

እዚሁ አገር ግን የድምፅ ልዩነት ሳይታፈርበት፣ እንዲያውም ስምና ቤት ተሰጥቶት የኖረበት ሌላ ዓለም አለ፤ የአብነት ትምህርት ቤት። የዜማ ትምህርት ቤተ ልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት እየተባለ በሥፍራ ስም ይከፈላል። ቤተ ልሔም ያለችው ጋይንት ነው፤ ቆማ ደግሞ እስቴ። ተጉለት ሸዋ ነው። ያው ድጓ፣ ያው ቃል፣ ያው ምልክት ሆኖ አዜማመሙ ይለያል፤ የቆማ ልጅ የቤተ ልሔሙን «አላወቀበትም» አይለውም። «እሱ የቤተ ልሔም ነው» ይላል፣ አለቀ። ቅኔም ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እያለ በአገር ስም ይጠራል። ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቦ ከጎጃም ጋይንት፣ ከጋይንት ዋድላ የሚዞረው ተማሪ ሁሉንም ይሰማል፤ ልዩነትን እንደ ሙያ ይማረዋል። የደጁ እመቤትም እንዲሁ ሠልጥናለች። ማለዳ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ድምፅ ስትሰማ ቁራሽ ከመቁረሷ በፊት «ይሄ እንኳ የጎጃም ልጅ ነው» ትላለች። ማሾፍ የለበትም፤ እንዲያውም ከሩቅ ለመጣው ትንሽ ይጨመርለታል።

የንባብ ቤቱም ጆሮን የሚሞርድ ነው። ግዕዝ የሚያነብ ልጅ ቃሉን ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ እያለ መለየት አለበት፤ የቱ ላይ ድምፁን እንደሚያነሣ፣ የቱ ላይ እንደሚጥል ማለት ነው። ወዳቂውን ተነሽ አድርጎ ያነበበ እንደሆነ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነውም ቢሆን ያርሙታል። የድምፅን መነሣትና መውደቅ በስም የሚጠራ ትምህርት በአገራችን ለዘመናት ሲሰጥ ኖሯል፤ የአማርኛ ትምህርት ከዚህ ብዙም አልወረሰም። ዘመናዊው ክፍል ልዩነቱን «ትክክል» እና «ስሕተት» በሚሉ ሁለት ሳጥኖች ከተተው።

«ትክክል» የሚለው ሳጥን አድራሻው ከየት ወደ የት እንደተዛወረ የታወቀ ነው። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆረ በኋላ ቤተ መንግሥት አማርኛ ሲባል የጎንደር አማርኛ ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት የየጁው ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫ አደረገ፤ የጦርና የፍርድ ቋንቋ ጉና ሥር መነገር ጀመረ። ዐፄ ቴዎድሮስም ከተማው ያደረገው ደብረ ታቦርን ነበር። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ሲጽፉ በግዕዝ ነበር፤ የቴዎድሮስ ደብዳቤዎች ግን በአማርኛ ናቸው። በ1855 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፈው፣ መልስ አጥቶ ያን ሁሉ መዘዝ ያመጣው ደብዳቤም በአማርኛ ነው። ዜና መዋዕሉ ሳይቀር በአማርኛ ተጻፈ። አማርኛ የመንግሥት ብዕር የጨበጠው በዚህ ደጋ ነው ማለት ብዙም ከእውነት አያርቅም።

ቀጥሎ ዋና ከተማው ተነሥቶ ሄደ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆረቆረች፤ ማተሚያ ቤቱ፣ ጋዜጣው፣ ትምህርት ቤቱ፣ በ1928 ዓ.ም. ሬዲዮው ተከትሏት ገባ። በ1964 ዓ.ም. የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ የተቋቋመው እዚያ ነው፤ አካዳሚውን የተካው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋዎች ጥናት ማዕከል በ1993 ዓ.ም. መዝገበ ቃላቱን ያሳተመው እዚያ ነው። ማንም ተሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ብዬ እንጂ ብየ አይባልም» ብሎ አልወሰነም። የሚጽፈው፣ የሚያርመውና ማይክሮፎን የሚይዘው አንድ ከተማ ሲኖር ጊዜ የከተማው አፍ የሁሉ መለኪያ ሆነ። የሚገርመው፣ በመጻፉ ሥራ ላይ ሰሜኑ ሰው ወደ ኋላ አልቀረም። በአማርኛ የመጀመሪያውን ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ነው፤ ከፎገራ ሜዳ ማዶ፣ ጣና ዳር። ሀዲስ ዓለማየሁ የጎጃም ሰው ናቸው። ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ሥራ ፈትቶ አዳመጠ። የማንኩሳንና የዲማን ሰዎች ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በዚያ በአንድ ሰው ድምፅ ነው። ድንቅ ድምፅ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ በጆሮ የታወቀው ጎጃም ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ የተላለፈ ጎጃም ነው።

በኋላ የመጣው የቴሌቪዥን ባላገር ከዚህ በእጅጉ ይብሳል። ድራማ ላይ የገጠር ሰው ሲያስፈልግ አንድ ተዋናይ ጋቢ ይደርባል፣ ከዘራ ይይዛል፣ ከዚያም ካርታ ላይ የሌለ አማርኛ ይናገራል። «ተ»ን ከሸዋ፣ «አይዶለም»ን ከጎጃም፣ ዜማውን ከወሎ ወስዶ ያቀላቅለዋል፤ ጎንደርም ጎጃምም ወሎም የእኔ ነው አይለውም። ተመልካቹ ግን ይስቃል፣ ጆሮውም በዚያው ይሠለጥናል። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ከእስቴ የመጣ ሰው ሲያገኝ የሚሰማው እሱን አይደለም፤ ተዋናዩን ነው።

ከጋይንትና ከእስቴ ተነሥተው አዲስ አበባ ሎተሪ የሚያዞሩ ልጆች ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። መርካቶ ወይም ሜክሲኮ ላይ አንዱን ተከትላችሁ ጥቂት ብትሄዱ ሁለት አፍ እንዳለው ትሰማላችሁ። ለደንበኛ «ብሩን ዘርዝሬ መጣሁ፣ እዚሁ ነኝ ብዬሃለሁ» ይላል። ስልኩ ይጠራል፤ እናቱ ናት። «እምየ፣ ልኬልሻለሁ ብየ! ገዝቸ እልካለሁ ብየሽ አልነበር?» አንዱን ወዲያ አስቀምጦ ሌላውን ሲያነሣ ለአፍታ አያመነታም። አንዳንዱ ደግሞ ከናካቴው አይቀይረውም። ገራገር ባላገር መምሰል ለገበያ ይበጃል፤ «ይሄ ልጅ አያጭበረብርም» ያስብላል። ቅላጼውን እንደ ንግድ ፈቃድ ደረቱ ላይ የሚለጥፍ አለ ማለት ነው። ከተሜው ሁሉንም «ጎጃሜ» እያለ ይጠራቸዋል። ጋይንቴው መጀመሪያ መጀመሪያ «ጎንደር ነኝ» ብሎ ያርማል፣ ኋላ ይሰለቸዋል።

ከተሜው ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ የሚናቀው ራሱም ንቀቱን ይቀበለዋል። በ1960 እ.ኤ.አ. ዋላስ ላምበርት የሚባል የሞንትሪያል የሥነ ልቡና ሊቅ አንድ ዘዴ ፈጠረ። ሁለት ቋንቋ የሚችሉ ሰዎችን አንዴ በእንግሊዝኛ፣ አንዴ በፈረንሳይኛ አስነብቦ ቀዳ፤ ከዚያ የአንድ ሰው ድምፅ መሆኑን ሳይናገር ለአድማጮች አሰማቸው። «ይህ ሰው ብልህ ነው? የሚታመን ነው? ቁመቱስ ረጅም ይመስላል?» አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ለእንግሊዝኛው ድምፅ ማድላታቸው አያስገርምም። ያስገረመው የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹም ለእንግሊዝኛው ማድላታቸው፣ የገዛ ቋንቋቸውን ድምፅ ዝቅ አድርገው መመዘናቸው ነው፤ ያውም የሚመዝኑት አንዱን ሰው ነበር። የደብረ ታቦር ልጅ አዲስ አበባ ሦስት ወር ከርሞ ሲመለስ «ብዬ» ማለት የሚጀምረው፣ የሠፈሩ ልጆች እየሳቁበትም የሚቀኑበት ለዚህ ነው። «ተሸወደ» ይሉታል። በሳምንቱ ራሳቸው ይሞክሩታል።

ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ የማይቀርበት ጊዜም አለ። ደብረ ታቦር ስሟን ያገኘችው ከገሊላው ተራራ ከታቦር ነው፤ ጴጥሮስ፣ ያዕቆብና ዮሐንስ የክርስቶስን ብርሃን ካዩበት። ያ ጴጥሮስ በሊቀ ካህናቱ ግቢ እሳት ሲሞቅ ማንነቱን የካደው በቃሉ ነበር፤ ያጋለጠው አነጋገሩ ነው፣ ገሊላዊነቱ ካፉ ወጣ። ኢየሩሳሌሞች ለገሊላ ሰው ያላቸው ጆሮ አዲስ አበቤ ለጋይንት ሰው ካለው የሚለይ አይመስለኝም። በመጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ የዮርዳኖስን መሻገሪያ የያዙት ገለዓዳውያን የሚሻገረውን ሁሉ አንዲት ቃል እያስባሉ፣ «ሺ» ማለት አቅቶት «ሲ» ያለውን ኤፍሬማዊ ይገድሉ ነበር። ከአንዲት ተነባቢ ስንት ነፍስ ተሰቀለ! መንገድ ላይ «እስቲ ተናገር» የተባለ ሰው፣ በየትኛውም አገር ይሁን በየትኛውም ዘመን፣ ያቺን ፍርሃት ያውቃታል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ከደብረ ታቦር ብዙም ሳይርቅ ያለችው ጋፋት በታሪክ የምትነሣው በሴባስቶፖል መድፍ ነው። ቴዎድሮስ እዚያ ያሰፈራቸው አውሮፓውያን፣ ብዙዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ካለው ከክሪሾና የወንጌል ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች፣ በ1859 ዓ.ም. 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን መድፍ አቀለጡ። ያም መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ወጥቶ ዛሬም እዚያው አለ። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር እየተባሉ የሚጠሩት እነዚህ ሰዎች እርስ በርስ ጀርመንኛ፣ ከንጉሡና ከሠራተኞቻቸው ጋር አማርኛ ይነጋገሩ ነበር። ቀላጮቹ ባሳረፉት መዶሻ መካከል የጋፋት ኮረብታ ምን ዓይነት አማርኛ ሰምቶ ይሆን? ከእነሱ ጋር የነበረው ሞሪትዝ ሆል የሚባል የፖላንድ ሰው እናቷ ጎንደሬ የሆነች ሴት አገባ፤ መቅደላ በወደቀበት ሰሞን ልጁ ማግዳሌና ተወለደች። የማግዳሌና የልጅ ልጅ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው፤ ሁለት ኦስካር ያገኘው የእንግሊዝ ተዋናይ። ኡስቲኖቭ ከምንም በላይ የሚታወቀው የሰውን ሁሉ ቅላጼ በመቅዳት ነበር። ጀርመኑን፣ ሩሲያዊውን፣ አሜሪካዊውን፣ አስፈላጊ ሲሆን የመኪና ሞተር ድምፅ ሳይቀር ባንድ አፍ ያወጣ ነበር። የዘር ነገር ነው ልል አልሻም፤ ግን ከጋፋት መድፍ ቀላጭ እንዲህ ያለ የልጅ ልጅ ልጅ መውጣቱን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልሆነልኝም።

የቦታው ስም ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ጋፋት ሕዝብም ቋንቋም ነበር። ከዓባይ ደቡብ፣ በጥንቱ ዳሞት የኖረ፣ ኋላ ወደ ጎጃም የተሻገረ ሕዝብ ነው፤ ቋንቋው ሴማዊ ሆኖ ከአማርኛ ይልቅ ለክስታኔ ጉራጌ የሚቀርብ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ፤ ብራናው ኦክስፎርድ አለ። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ቃላት ሰበሰበ። ቀጥሎ ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ጎጃም ወርዶ አጥብቆ ቢፈልግ የሚናገሩት አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ሰዋስዉን ከእነሱ አፍ ጽፎ አሳተመ፤ ዛሬ ተናጋሪ የለውም። የጋፋት ልጆች መጀመሪያ አማርኛን በጋፋት ቅላጼ ተናግረው መሆን አለበት፤ የሰሙአቸውም ሳይስቁባቸው አልቀሩም። የልጅ ልጆቻቸው ያለ እንከን ጎጃምኛ ተናገሩ፤ ዛሬ «እኛማ ቅላጼ የለንም» ከሚሉት መካከል የእነዚያ ዘር አለ።

አሁን ደብረ ታቦር ጆሮዋ እየሰፋ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ከሆሳዕና፣ ከወላይታ ሶዶ፣ ከጅማ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ተማሪዎች ቤት ይከራያሉ፣ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። የከተማው ልጅ በቴሌግራም የላከውን የራሱን ድምፅ መልሶ ሲያዳምጥ ይደነግጣል፤ «እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው?» ይላል። የተከራዩትም ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። አማርኛን በትምህርት ቤት ተምሮ የመጣ የሶዶ ልጅ አራት ዓመት ከአከራዩ ከእትየ ጋር ቡና ሲጠጣ ኖሮ፣ ሳያውቀው «መጥቸ፣ ብየ» ማለት ይጀምራል። ለበዓል አዲስ አበባ አክስቱ ዘንድ ጎራ ሲል የአክስቱ ልጆች ይንጫጫሉ፤ «ውይ! ጎጃሜ ሆነህ መጣህ!»

«ጎጃም አይዶለም» ይላቸዋል፣ «ደብረ ታቦር ነው።»